የሚታጠብ ጨርቅ ወይስ የሚጣል ዋይፕስ? የቱ ለየትኛው ቤት ይሻላል

ህጻን ያለበት ቤት ውስጥ ከዳይፐር ቀጥሎ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ቢኖር ዋይፕስ ነው። እስቲ አስሉት፣ አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል፣ 10 ጊዜ እንበልና በእያንዳንዱ 3 ዋይፕስ ብትጠቀሙ በቀን 30፣ በወር ደግሞ 900 ይመጣል፣ ይሄ እንግዲህ መቀመጫው ብቻ ነው፣ አፉን፣ እጁን፣ አንገቱ እጥፋት ውስጥ የገባውን ወተት ምናምን ሳንጨምር። ስለዚ አንዳንድ ሰው ይሄን ሁሉ እየገዛሁ ከምጥል ትናንሽ ጨርቅ አዘጋጅቼ እያጠብኩ ብጠቀምስ ብሎ ቢያስብ አይገርምም።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ኬሚካል አለው የለውም፣ አካባቢ ይበክላል አይበክልም ወደሚለው ነው። እሱም የራሱ ቦታ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ግን እኔ እንደማየው ሰው ጨርቁን ጀምሮ የሚቀጥለውም የሚተወውም በዚህ ምክንያት አይደለም፣ በልብስ እጥበት ነው። ቤታችሁ ውስጥ ማን ያጥባል፣ በማሽን ነው በእጅ፣ በስንት ቀኑ፣ ውሃው እንደልብ ነው ወይስ ይቆራረጣል፣ ማስጫ ቦታ አለ ወይ? የዚህን መልስ ካወቃችሁ የቀረው እዳው ገብስ ነው። በተለይ የሚታጠብ ዳይፐር የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን ሳታነቡ ጨርቁን ያዙ፣ ምክንያቱም እጥበቱ ለማንኛውም አለ፣ ትናንሾቹ ጨርቆች እዛው ውስጥ ገብተው አብረው ይታጠባሉ፣ ተጨማሪ ስራ የሚባል ነገር የለም። የሚጣል ዳይፐር የምትጠቀሙ ግን ረጋ ብላችሁ አስቡበት።

ልዩነቱ ከምን ይጀምራል

የሚጣለው ዋይፕስ ስታዩት ወረቀት ይመስላል እንጂ ወረቀት አይደለም። ሳይሸመን፣ ክሮቹ በውሃ ግፊት ወይ በሙቀት እርስ በርስ ተያይዘው የሚሰራ ነገር ነው፣ ክሩ ራሱ ፖሊስተር ወይ ፖሊፕሮፕሊን የሚባለው ፕላስቲክ ከቪስኮስ (ከእጽዋት ከሚወጣ ክር) ጋር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ አሁን አሁን ፕላስቲክ የሌለባቸውም አሉ። ፈሳሹ በአብዛኛው ውሃ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ማጽጃ፣ ቆዳ ማለስለሻ፣ አሲድነቱን የሚያስተካክል ነገር (ብዙ ጊዜ ሲትሪክ አሲድ) እና እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፕሪዘርቫቲቭ ይገባበታል።

ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። እርጥብ ነገር ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ወራት ተቀምጦ፣ ከዛም ተከፍቶ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሳምንት እየተነካካ ሻጋታ የማያወጣው ፕሪዘርቫቲቭ ስላለበት ነው፣ ባይኖርበት ነበር የሚያስፈራው። የሚታጠበው ጨርቅ ደግሞ ደርቆ ተቀምጦ ልትጠቀሙበት ስትሉ ነው የሚረጥበው፣ ስለዚህ ፕሪዘርቫቲቭ የሚያስፈልገው ጊዜ የለውም። ልዩነታቸው ከዚህ ይጀምራል።

ቆዳ ላይ

የህጻን መቀመጫ የሚቀላው ለምን መሰላችሁ፣ ሽንትና ካካ አብረው ሲቆዩ የቆዳው አሲድነት ይቀንሳል፣ ያኔ ካካው ውስጥ ያሉት ፕሮቲንና ስብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፣ ቆዳውን ይበሉታል ማለት ይቻላል። እርጥበቱና መፋተጉ ይጨመርበታል። ስለዚህ ዋናው ነገር በምን ተጠረገ ሳይሆን ስንት ሰአት ቆየ የሚለው ነው፣ ካካ ካለ ቶሎ መቀየር፣ ሳያሹ መጥረግ፣ በደንብ ማድረቅ። ይሄን ካደረጋችሁ በሁለቱም ጥሩ ቆዳ ይኖራል።

እንዲህ ስል ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ ውስጥ የተሰራና የታተመ አንድ ጥናት 280 አራስ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዋይፕስ ግማሹን በጥጥና በውሃ እያስጠረገ ተከታተለ፣ የቆዳቸውን እርጥበት ሲለኩት ዋይፕሱ ከጥጥና ውሃው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የአንድ አይነት ዋይፕስ ነው፣ ሽቶ የበዛበትን ሁሉ ደህና ነው አላለም። ግን "ዋይፕስ ማለት መርዝ ነው" የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፣ ጨርቅ ለመሸጥ ሲባል ብዙ ይጋነናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ዋይፕሱ ንጹህ ታሪክ ብቻ አይደለም ያለው። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል ፕሪዘርቫቲቭ አለ፣ በአጭሩ ኤምአይ ወይ ኤምአይቲ ይሉታል፣ ዋይፕስ ውስጥ በብዛት ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሀኪሞች ማህበር የአመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ ሰየመው፣ በ2014 ደግሞ ፔዲያትሪክስ የሚባለው የህጻናት ህክምና መጽሄት ላይ ስድስት ልጆች በዋይፕስ ምክንያት በዚህ ነገር አለርጂ እንደያዛቸው ታተመ፣ ሽፍታቸው መቀመጫቸው ላይ ብቻ ሳይሆን አፋቸው ዙሪያና እጃቸው ላይም ነበር፣ ኤክዜማ ነው ሌላ ነው እየተባለ ሲታከም የቆየ አለበት። የአውሮፓ ህብረት ከ2017 ጀምሮ ቆዳ ላይ ተቀብተው ሳይታጠቡ በሚቀሩ ነገሮች ውስጥ እንዳይገባ ከለከለው፣ ዋይፕስም ከተጠረገ በኋላ አይለቀለቅምና እዛ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚጣለውን ከመረጣችሁ ፓኮውን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ፣ ሽቶ የሌለው፣ አልኮል የሌለው፣ ይሄ ረዥም ስም ያለው ነገር የሌለበት፣ ዝርዝሩም አጠር ያለ ይሁን። ፊት ለፊቱ ላይ "ናቹራል" ምናምን የሚለውን እርሱት፣ እሱ ምንም አይነግራችሁም (ፓኮው ላይ የሚስቀው ልጅ ደግሞ ሁሌ ንጹህ ነው፣ አንድም ቀን ካካ ያለበት አላየሁም)።

ጨርቁስ? ውሃ ብቻ ስለሆነ ለአለርጂ ምክንያት የሚሆን ነገር ያንሳል፣ ግን ዜሮ አይደለም፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ ሲረጥብ ይወጣል፣ የልብስ ማለስለሻና ሽቶ ያለው የዱቄት ሳሙና ከተጠቀማችሁማ ከዋይፕሱ የሸሻችሁትን በሌላ በር አስገባችሁት ማለት ነው። ጸሀይ ላይ ደርቆ ጭርር ያለ ጨርቅም ቆዳ ይፍቃል፣ ሳትጠቀሙበት በእጃችሁ አሸት አሸት አድርጉትና በደንብ አርጥቡት።

ማጽዳት ላይ ጨርቁ ይበልጣል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም

ዋይፕሱ ልስልስና ቀጭን ነው፣ የሚያጣብቅ ካካ ሲያገኘው ያንሸራትተዋል እንጂ አያነሳውም፣ ስለዚህ ሶስት አራት አምስት ይሄዳል። ያውም በአንድ እጃችሁ ሁለቱን እግሮች ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ በሌላው ስትስቡ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ተያይዞ ይወጣል፣ የማትፈልጉት ሁለት ትርፍ እዛው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ መልሳችሁ እንዳትከቱት እጃችሁ ንጹህ አይደለም። ጨርቁ ግን በተለይ የፎጣ አይነቱ ክሩ ቀለበት ቀለበት ስለሆነ ካካውን ይይዘዋል፣ ውፍረቱም ወደ እጅ አያሳልፍም። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ውሃ እስከማያንጠባጥብ ጨምቁት፣ ከዛ አራት ላይ እጠፉት፣ በአንዱ ገጽ ጠረጋችሁ፣ ወደ ውስጥ ገለበጣችሁና በሚቀጥለው ገጽ፣ እንዲህ እያለ አንድ ጨርቅ ብዙ ንጹህ ገጽ ይሰጣችኋል። ለብዙ ካካ አንድ ወይ ሁለት ይበቃል። ሴት ልጅ ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚጠረገው፣ ይሄ በዋይፕስም በጨርቅም ያው ነው፣ ከኋላ ወደ ፊት ከሆነ ጀርም ወደ ሽንት ቧንቧ ይሄዳል። ወንድ ልጅ ከሆነ የብልቱን ቆዳ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ለማጽዳት አትሞክሩ፣ ከላይ ከላይ መጥረግ ይበቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፣ ሽንት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ መጥረግም አያስፈልግም። የአሁኑ ዳይፐር ሽንቱን ወደ ውስጥ ስቦ ስለሚይዘው ቆዳው ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። በየሽንቱ ሁለት ሶስት ዋይፕስ የሚያወጣ ሰው ይቺን ብቻ ቢያስተካክል ጨርቅ ሳይገዛ ግማሹን ወጪ ይቀንሳል፣ ለልጁም ቆዳ ከመፋተግ ይሻላል።

እጥበቱ

እንግዲህ ዋናው ጋ ደረስን። ሰው የሚፈራው ካካውን ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ስድስት ወር አካባቢ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ ቀጭን ነው፣ በውሃ ይሟሟል፣ ማሽን ውስጥ በቀጥታ ቢገባ እንኳን ይለቃል። ምግብ ሲጀምር ነው ነገሩ የሚለወጠው፣ ያኔ ጨርቁ ከመቀመጡ በፊት ሽንት ቤት ላይ ማራገፍ፣ የቀረውን በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ያልኩት አውቄ ነው፣ በፍል ውሃ ከጀመራችሁ እድፉ ክሩ ላይ ይጋገራል።

የቆሸሸውን እስኪታጠብ የት ታስቀምጡታላችሁ? ብዙ ሰው ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልቶ መዘፍዘፍ ይቀናዋል፣ እኔ አልመክርም። አንደኛ ይሸታል፣ ሁለተኛ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፣ ዳዴ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ውሃ ያለበት ባልዲ ክፍቱን ሊቀመጥ አይገባም፣ ህጻን ልጅ በጣም ትንሽ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። የተሻለው ውሃ ሳይሞሉበት ማቆየት ነው፣ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ መረብ ከረጢት ታስገባላችሁ፣ የተለቀለቀውን እዛ ትጥሉበታላችሁ፣ የእጥበት ቀን ሲደርስ ከረጢቱን እንዳለ ማሽን ውስጥ። ከሁለት፣ ግፋ ቢል ከሶስት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፣ ሻጋታ ከያዘው ጥቁር ነጠብጣቡ አይለቅም።

በማሽን ከሆነ 60 ዲግሪ ጥሩ ነው፣ ማሽናችሁ ይሄን ካልቻለ ወይ 40 ላይ የምታጥቡ ከሆነ ኦክስጅን ያለው ማንጫ የተቀላቀለበት የዱቄት ሳሙና ተጠቀሙ፣ ፈሳሽ ሳሙናዎች አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም። ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ክሩን በስስ ቅባት ስለሚሸፍነው ጨርቁ ውሃ መምጠጥ ያቆማል፣ ከዛ "ይሄ ጨርቅ አይረባም" ትላላችሁ። ከአዋቂ ልብስ ጋር ይታጠባል ወይ ለሚለው፣ ካካው ከተለቀለቀ በኋላና በ60 ከሆነ ከፎጣና ከአንሶላ ጋር መግባት ይችላል፣ ከኩሽና ጨርቅ ጋር ግን እኔ አላስገባም።

በእጅ ለሚያጥብ ሰው ስራው በጣም ይለያል፣ ይሄን ሸፋፍኖ ማለፍ ትክክል አይደለም። በቀን አስር አስራ አምስት ትንንሽ ጨርቅ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መጭመቅ፣ አንድ በአንድ ማስጣት፣ ሰርታችሁ ስትጨርሱ ነገም አለ። አንድ ሰው ወልዳ ገና ወገቧ ሳይጠና ይሄን ብቻዋን የምትሰራው እሷ ከሆነች፣ "ለልጄ ይሻላል" ብላ ራሷን ባትጨርስ ደስ ይለኛል። አባትየው እጥበቱን እኔ እይዘዋለሁ ካለ ሌላ ነገር ነው፣ ግን ቃል ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲያጥብ ይታይ። በእጅ ስታጥቡ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዛ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና ሳሙና እሹት፣ አልፎ አልፎ ማፍላት ለጥጥ ጨርቅ ችግር የለውም። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ሽንቱ ሳይለቀለቅ በፍጹም አትጨምሩበት፣ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል።

ጸሀይ ካገኛችሁ ግማሹን ስራ እሷ ትሰራዋለች፣ ቢጫ እድፍ ያለበትን እርጥቡን ጸሀይ ላይ ብታሰጡት በአንድ ከሰአት ውስጥ ይደበዝዛል። የጡት ወተት ካካ እድፍ ላይማ ከየትኛውም ሳሙና በላይ ነው የሚሰራው።

ልጁ ተቅማጥ ሲይዘው ወይ ፈንገስ የመሰለ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ያለው ሽፍታ ሲወጣበት ግን ለነዛ ቀናት ወደሚጣለው ወይ ወደ ጥጥና ውሃ ብትመለሱ ይቀላል፣ ሽፍታው በሁለት ሶስት ቀን ካልተሻለው ደግሞ ሀኪም ይየው። እስከዛ የተጠቀማችሁባቸውን ጨርቆች በ60 ወይ በማፍላት ሳታጥቡ መልሳችሁ እንዳትጠቀሙ።

ቀድሞ ማርጠብ ወይስ በሰአቱ?

ዋይፕስ የለመደ ሰው ጨርቁንም እቃ ውስጥ አርጥቦ ደርድሮ እንደ ዋይፕስ እየመዘዘ መጠቀም ይፈልጋል። ይቻላል፣ ግን የአንድ ቀን ብቻ፣ በማግስቱ የተረፈው ወደ እጥበት፣ ምክንያቱም ከላይ እንዳልኩት ፕሪዘርቫቲቭ የለውማ፣ እርጥብና የተዘጋ ነገር ውስጥ ጀርም እንደልቡ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ውሃው ላይ የህጻን ሻምፖ፣ ዘይት፣ የሻይ ዛፍ ዘይት፣ ላቬንደር ምናምን ጠብ ያደርጉበታል፣ ይሄ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሻምፖ ሳይለቀለቅ ቆዳ ላይ እንዲቀር ተብሎ አልተሰራም፣ ሽታ ያላቸው ዘይቶችም ራሳቸው አለርጂ ያመጣሉ። ንጹህ ውሃ ይበቃል፣ በቃ። ለሌሊት ለብ ያለ ውሃ ፔርሙዝ ውስጥ አስቀምጡና ትንሽ ሳህን ላይ እየቀዳችሁ ንከሩ፣ ሙቀቱን መጀመሪያ የራሳችሁ አንጓ ላይ ሞክሩት። ወይ ደግሞ የሚረጭ ጠርሙስ ይዛችሁ ጨርቁ ላይ ፊስ ፊስ፣ ልጁ ላይ በቀጥታ ግን አትርጩ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል።

የምን ጨርቅ

የጥጥ ፎጣ ለካካ አንደኛ ነው። ፍላኔል ለስላሳ ነው፣ ለአራስ ቆዳ ጥሩ፣ ቀጠን ስለሚል ቶሎ ይደርቃል፣ ጠርዙ ግን ካልተዘመዘመ ወይ ኦቨርሎክ ካልተመታ ይተረተራል። የቀርከሃ የሚባለው ቪስኮስ ነው፣ ደስ ይላል፣ ውሃ ይመጥጣል፣ ሲረጥብ ግን እንደ ጥጥ ጠንካራ አይደለም፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ፍሊስ የሚባለው ፖሊስተር ነው፣ ካካው በቀላሉ ይራገፍለታል፣ ጠርዙም ስፌት አይፈልግም፣ ግን በየእጥበቱ ጥቃቅን የፕላስቲክ ክር ወደ ውሃው ይለቃል፣ ከፕላስቲክ ለመሸሽ ብሎ ለተነሳ ሰው አይመችም። ያረጀ የጥጥ ቲሸርት በነጻ ነው፣ ሲቆረጥም አይተረተርም።

መጠኑ 20 በ20 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ለእጅ ይመቻል፣ ከዛ ካነሰ ካካው እጅ ላይ ነው። አዲስ ጥጥ ከሆነ ሁለት ሶስት ጊዜ ታጥቦ ነው በደንብ መምጠጥ የሚጀምር። ብዛቱን እንዲህ አስቡት፣ በቀን 10 ቅያሬ ካለ ከዛ ውስጥ 4ቱ ካካ ቢሆኑና ለያንዳንዱ 2፣ ለቀሩት 6 አንድ አንድ ብትጠቀሙ በቀን 14 ነው፣ በሁለት ቀን አንዴ ካጠባችሁ 28፣ ገመድ ላይ ያሉትን ጨምራችሁ 40 ቢኖራችሁ አይጠባችሁም። የፊትና የእጅ ጨርቅ ደግሞ በቀለም ለዩ፣ ታጥቧል ቢባልም አፍና መቀመጫ አንድ ጨርቅ መጋራት የለባቸውም።

አካባቢ፣ ወጪ

ሽንት ቤት ውስጥ ዋይፕስ መጣል ይሄ ላይ ሁለት ሀሳብ የለም፣ አትጣሉ፣ ፓኮው "ሽንት ቤት ይጣላል" ቢል እንኳን። ሶፍት ውሃ ሲያገኘው ይበታተናል፣ ዋይፕስ ግን እንዳይበጣጠስ ተብሎ ነው የተሰራው፣ ቱቦ ውስጥ ከዘይትና ከስብ ጋር ተጠቅልሎ ይጠጥራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ዋይትቻፕል የሚባል ሰፈር ስር ባለው የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ 250 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 130 ቶን የሚገመት የስብና የዋይፕስ ጥፍጥፍ ተገኝቶ ሰራተኞች ለሳምንታት ሲቆፍሩት ከርመዋል፣ ቁራጩ ከዛ በኋላ ሙዚየም ገብቶ ለህዝብ ታይቷል፣ ጉድ ነው።

ከዛ ውጭ ግን ጨርቅ ሁሌ ለምድር ይሻላል ማለት አይቻልም። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳይፐርን (ዋይፕስን ሳይሆን) አነጻጽሮ ሲያወጣ የሚታጠበውና የሚጣለው በሚያስከትሉት የካርቦን ጋዝ በኩል ተቀራራቢ ነበሩ፣ በ2023 የእንግሊዝ መንግስት ባወጣው አዲስ ጥናት የሚታጠበው 25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። ሁለቱም ላይ የሚታየው ግን አንድ ነው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው አስተጣጠቡ ነው። በማድረቂያ ማሽን የሚያደርቅ፣ ግማሽ ማሽን ሞልቶ የሚያጥብ፣ በጣም ፍል ውሃ ሁሌ የሚጠቀም ሰው ጥቅሙን ያጠፋዋል፣ ገመድ ላይ የሚያደርቅና ለሁለተኛው ልጅ የሚያስተላልፍ ሰው ይጨምረዋል። ለጨርቅ ዋይፕስም ከዚህ የተለየ ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም።

ወጪውን ራሳችሁ አስሉት፣ በወር የምትገዙትን ፓኮ ዋጋ በአንድ በኩል፣ ጨርቁ፣ ሳሙናው፣ ውሃውና መብራቱ በሌላ በኩል። እጥበቱ ለማንኛውም የሚኖር ከሆነ ጨርቁ በጥቂት ወር ውስጥ ራሱን ይመልሳል። ለጨርቁ ሲባል ብቻ ተጨማሪ ማሽን የምታስነሱ ከሆነ ወይም ሰው ከፍላችሁ የምታሳጥቡ ከሆነ ግን ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል። ጥልፍ ያለውና ከነሳጥኑ የሚሸጠውን ቆንጆውን ስብስብ ከገዛችሁም እንደዛው።

ከቤት ውጭ

እዚህ ላይ የሚጣለው ያሸንፋል። ጉዞ ላይ፣ ሰው ቤት፣ ህጻናት ማቆያ (ብዙዎቹ የቆሸሸ ጨርቅ መያዝ አይፈልጉም)፣ ሀኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ አንድ ፓኮ ቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት። ጨርቅ ይዤ ልውጣ የሚል ሰው ውሃ የማያሳልፍ ዚፕ ያለው ከረጢት ሁለት ያስፈልገዋል፣ አንዱ ለንጹህ አንዱ ለቆሸሸ፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ቆሻሻውን በዛው ሰአት ማውጣት፣ ረስቶት ያደረ ከረጢት ሲከፈት ያለውን ሽታ አልገልጸውም። በተለይ ሙቀት ሲሆን።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ቤት ውስጥ ጨርቅ፣ ቦርሳ ውስጥ ዋይፕስ። ውሃ የሚቆራረጥበት ቤት ወይ በእጅ የምታጥብ አንድ ሰው ብቻ ያለችበት ቤት ከሆነ ደግሞ ለካካ ዋይፕስ፣ ለአፍና ለእጅ ብቻ ጨርቅ፣ ያው ያቺ እጥበት ቀላል ናት። ሁለቱም የማይመቸው ካለ ጥጥ በለብ ያለ ውሃ አለ፣ ወይ ደረቁን የሚሸጥ ዋይፕስ ገዝቶ በሰአቱ ማርጠብ፣ እሱ ላይ ፕሪዘርቫቲቩም የለም እጥበቱም የለም፣ ቆሻሻው ግን ይቀራል።

ሳትገዙ ለመሞከር አንድ ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ቆራርጡና ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ያለውን ቅያሬ ብቻ በሱ አድርጉ፣ የቀረውን እንደልማዳችሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጁን ሳይሆን ባልዲውን እዩት፣ ከተጠራቀመ መልሱን አገኛችሁ፣ ካልተጠራቀመ ሁለተኛውን ቲሸርት ቁረጡ። ፊቱ ላይ የታተመ ስእል ያለው ቲሸርት ከሆነ የስእሉን ቦታ ዝለሉት፣ ውሃ አይመጥም፣ ቆዳም ይፍቃል።